ስለ ቁም ሣጥኖቻችን ሙጫ

ዘንድሮ በመኝታ ክፍሎቻችን የቆሙት አዳዲስ ቁም ሣጥኖች ሲከፈቱ ዓይን ያስለቅሳሉ። ለምን ቢባል «አዲስ ዕቃ ይሸታል» የሚል መልስ ይሰጣል። እኛ ግን የሚሸተው አዲስነቱ ሳይሆን ሙጫው ነው እንላለን።

ኮምፔንሳቶ ማለት ስስ የእንጨት ልጣጮች በሙጫ ተደራርበው፣ በሙቀት ተጨምቀው የሚሠራ ጣውላ ነው። ቺፑድና ኤምዲኤፍም ያለ ሙጫ አይቆሙም። ርካሹ ሙጫ ከዩሪያና ከፎርማልዴሃይድ የሚቀመመው ነው፤ እርሱም ሙቀትና እርጥበት ባገኘው ቁጥር ፎርማልዴሃይድን ወደ አየር ይለቃል፤ ይህም ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ይህን ጋዝ እ.ኤ.አ. በ2004 ካንሰር አምጪ ከሆኑት መካከል መድቦታል።

ነገሩን የሚያቃልል ቢኖር የአሜሪካንን ታሪክ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል ቤታቸውን ያፈረሰባቸው ሰዎች መንግሥት በሰጣቸው ተጎታች ቤቶች ተጠልለው ነበር። በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ 519 ቤቶች ሲለኩ፣ ጋዙ በአማካይ ከአንድ ቢሊዮን እጅ አየር 77 እጅ ያህል ሆኖ ተገኘ። በ2010 በወጣው ሕግ መሠረት ከጠንካራ እንጨት የሚሠራ ኮምፔንሳቶ በመፈተሻ ክፍል ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ከ0.05 እጅ በላይ እንዳይለቅ ተወሰነ። አውሮፓውያን «ኢ 1»፣ ጃፓኖች ደግሞ አራት ኮከብ ያለበት ምልክት ያትሙበታል።

«ይህ የሀብታም አገር ጭንቀት ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ለመሆኑ አናጢው የማን ልጅ ነው? እኛ ሣጥኑን ከፍተን እንዘጋለን፤ እርሱ ግን በጠባብ ቤት ቀኑን ሙሉ ሲሰነጥቀው፣ ብናኙንም ጋዙንም ሲስብ ይውላል። የሀብታም ነው ከተባለማ፣ በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ካይቻንግ ሊ ያለ ፎርማልዴሃይድ የሚያጣብቅ ሙጫ የሠሩት ከአኩሪ አተር ዱቄት ነው። አኩሪ አተር በአገራችንም ይበቅላል! የኬሚስትሪ መምህሮቻችን ቢያስቡበት ደስ ይለናል።

ምልክት ያለበት ጣውላ ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል። ምልክቱም ቢሆን ጋዙ አነስተኛ ነው ማለት እንጂ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። የተሻለው ካልተገኘ የተቆረጠው ጠርዝ በሚገባ ይሸፈን፤ ጋዙ በብዛት የሚወጣው በዚያ በኩል ነውና። ዕቃውም ወደ መኝታ ክፍል ከመግባቱ በፊት ነፋስ በሚያገኝበት ስፍራ ይሰንብት። ማኅበራችን ከሚቀጥለው ጨረታ በፊት የጣውላው ምልክት በውሉ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ለአስተዳደሩ ደብዳቤ እንዲያቀርብ እንጠይቃለን።