የመጋላ ግድግዳና የባሕሩ ወለል

እዚህ መጋላ ዒድ ሲቃረብ ግቢያችንን ኖራ እንቀባለን። ዘንድሮ ኖራውን ስንበጠብጥ የጎረቤት ልጅ ከደቻቱ ያነሳውን ድንጋይ ይዞ መጣ። ድንጋዩ ላይ የዛጎል ቅርጽ ጎልቶ ይታያል። «ባሕር ያለው ጅቡቲ አይደል? ይሄ እንዴት እዚህ ደረሰ?» አለን።

ዛጎሉ አልተጓዘም፤ ባሕሩ ራሱ እዚህ ነበር። ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጥልቀት የሌለው ባሕር ሐረርጌንና ኦጋዴንን ሸፍኖ እስከ መቀሌና እስከ አባይ ሸለቆ ዘልቆ ነበር። ከከተማችን በስተደቡብ ያሉት የኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች፣ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ያለበት ጭምር፣ የዚያ ባሕር ወለል ናቸው።

ወለሉን በአብዛኛው የሠሩት እንስሳት ናቸው። ከውሃው ካልሲየምና ካርቦን እየወሰዱ ቅርፊት ያበጃሉ፤ ሲሞቱ ቅርፊቱ ይወርዳል፣ ይደቃል፣ ይከማቻል። ሌሎቹ ደግሞ እንደ ገበሬ ናቸው። ትሎችና ሸርጣኖች ጭቃውን ቆፍረው የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ ይገለብጣሉ። በጉድጓዳቸው ኦክስጅን ያለው ውሃ ስለሚገባ ከሥር ያለውም ፍጥረት ይተነፍሳል። ጉድጓዱ በሌላ ጭቃ ተሞልቶ ሲጠነክር በድንጋይ ውስጥ እንደ ጣት የረዘመ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ፈልጉት።

ሥራው ዛሬም አልቆመም። በቀይ ባሕር እንደ በቀቀን ምንቃር ያለው ዓሣ ኮራሉን እየነከሰ ይፈጨውና አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። ትልልቆቹ ዓይነቶች አንዱ ብቻ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ያወጣል። ሰው ፎቶ የሚነሳበት ነጭ አሸዋ ከዓሣ ሆድ የወጣ ነው ስንላቸው ልጆቹ አላመኑንም!

በጣልያን ወረራ ዘመን እዚሁ ድሬዳዋ የተቋቋመው የአገራችን የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካም ጥሬ ዕቃው ይኸው ድንጋይ ነው። ነገሩ የሚያሳስበው እዚህ ላይ ነው። ድንጋዩ በየትኛውም የዓለም ምድጃ ሲቃጠል እንስሳቱ በቅርፊታቸው ያሠሩት ካርቦን ወደ አየር ይመለሳል። ከፊሉ ባሕር ገብቶ ውሃውን ወደ አሲድነት ስለሚገፋው፣ ለዛሬዎቹ ዛጎል ሠሪዎች ቅርፊት ማበጀት ይከብዳቸዋል። ቤት አንሥራ አንልም፤ ለልጁ ግን ይህንንም ነገርነው።

«ኖራውስ?» አለን፣ በባልዲው ያለውን እያየ። እሱም የተቃጠለ ድንጋይ ነው። ግድግዳ ላይ ከተቀባ በኋላ ግን ካርቦኑን ከአየር እየሳበ ቀስ በቀስ እንደገና የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ልጁ ጣቱን ነክሮ ከበሩ አጠገብ መስመር አሰመረ። አልደረብንበትም።