ለሕፃናት ግጥም መጻፋችንን እናቁም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየበዓሉ የምናየውን አስቡ። ነጭ ልብስ የለበሰች ሕፃን ወደ መድረክ ትወጣለች። ማይኩ ከቁመቷ በላይ ስለሆነ አንድ ወንድም ዝቅ ያደርግላታል። ከዚያም «ረቂቅ»፣ «ምጡቅ»፣ «ኅሊና የማይመረምረው» የሚሉ ቃላት የተደረደሩበትን ግጥም በአንድ ትንፋሽ ታወርደዋለች። ምእመናን በእልልታና በጭብጨባ ይቀበሏታል፤ እናቷም በስልክ ትቀርጻታለች። ሕፃኗ ግን ያለችውን አታውቀውም።

ባለፈው የልደት በዓል በዳሪሙ እንዲህ ያለ ግጥም የያዘች የ9 ዓመት ልጅ አራተኛው ስንኝ ላይ ጠፋባት። ከመጋረጃው ኋላ የሚያቀብላት ሰው ደጋግሞ ቢነግራትም መቀጠል አልቻለችም፤ እያለቀሰች ወረደች። የግጥሙ ደራሲ እኔ ነበርሁ። በሚቀጥለው እሑድ «የትኛው ቃል ነው የከበደሽ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ዲያቆን፣ ሁሉም» አለችኝ።

እንግዲህ በግልጽ እንነጋገር። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ «ልጆችን በሕዝብ ፊት መናገር እያስለመድን ነው» ስንል ራሳችንን እናታልላለን። የምናስለምዳቸው የእኛን ቃል መሸከም ነው። የራሱን ሐሳብ ጽፎ የሚያነብ ልጅ መስመሩ ቢጠፋበት እንኳ ሊል የፈለገውን ያውቃልና በሌላ ቃል ይቀጥላል። የሰው ጽሑፍ የሸመደደ ልጅ ግን አንድ ቃል ሲጠፋው ሁሉም ይጠፋዋል። ከዚያ በኋላ «ይህች ልጅ ድፍረት የላትም» እንላለን።

«ልጅ የራሱን ጽፎ ያንብብ ማለት ዘመን አመጣሽ ነው» የሚል ካለ ወደ ቅኔ ቤት ይሂድ። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወይም በዋድላ መንገድ፣ የኔታ ቅኔ ዘርፈው ምሥጢሩንና አገባቡን ካሳዩ በኋላ ተማሪው ብቻውን ወጥቶ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጎ፣ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። የሚጀምረውም ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ነው እንጂ ከመወድስ አይደለም። የቆጠረውን በመምህሩ ፊት ድምፁን አሰምቶ ይነግራል፤ ይታረማል፤ በማግሥቱም ሌላ ይዞ ይመጣል። በዚያ የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። እኛ ነውሩን መርሐ ግብር አደረግነው።

ንባብ ቤትንም አስታውሱ። ዳዊት የሚደግም ሕፃን ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ ንባብን የሚለየው ጮክ ብሎ ሲያነብና የኔታ በጆሯቸው ሲያርሙት ነው። ይህን የመሰለ ሥርዓት ያላት ቤተ ክርስቲያን ልጆች ሆነን፣ ልጁ በገዛ ጽሑፉ ላይ ድምፁን የት ከፍ፣ የት ዝቅ ማድረግ እንዳለበት የማናሳየው ለምንድን ነው?

አንዳንድ አገልጋዮች «ልጆች ራሳቸው ከጻፉ የሃይማኖት ስሕተት ይገባል» ይላሉ። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉን አስቀድሞ መምህር ይየው። ነገር ግን ስሕተትን ማረም ሌላ፣ የልጁን ቃል በእኛ ቃል መተካት ሌላ። ደግሞስ ልጁ ሲሳሳት ካላየን፣ ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ ወይም ስለ ቅዱስ ቍርባን ምን እንደ ተረዳ በምን እናውቃለን? የሸመደደ ልጅ ስሕተቱን በውስጡ እንደ ያዘ ያድጋል። ጌታችን በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በሊቃውንት መካከል ተቀምጦ ይሰማቸውም ይጠይቃቸውም እንደ ነበር ቅዱስ ሉቃስ ጽፏል (ሉቃ. 2፥46)። መስማት ብቻ አላለም።

በእኛ በኢሉባቦር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ብዙዎቹ ልጆች በቤት የሚናገሩት፣ በትምህርት ቤትም የሚጽፉት በአፋን ኦሮሞ ነው። ፊደል ይቍጠሩ፣ ግእዙንም ይማሩ፤ በዚህ አልከራከርም። ሆኖም ልባቸው የሚያስብበትን ቋንቋ ከመድረክ ከልክለን ዓይናፋርነታቸውን መውቀስ ግፍ ነው። አንድ ልጅ በመቱ ወይም በዳሪሙ በቁቤ ጽፎ ቢያነብ ከበዓሉ ምን ይጐድላል?

ያቺን ልጅ በክረምት እሑድ ጠዋት ወደ ቅዳሴ የምትመጣበትን መንገድ እንድትጽፍ ጠየቅኋት። ግማሹን በአፋን ኦሮሞ፣ ግማሹን በአማርኛ አምስት መስመር ጻፈች። መጀመሪያ ለታናሽ እኅቷ፣ ቀጥሎ ለእኔ፣ በሦስተኛው ሳምንት ለሕፃናት ክፍል አነበበች። ወረቀቱን ፊቷ ላይ ስለ ጋረደችው ድምፅዋ ከሁለተኛው ረድፍ አላለፈም። እንዳያጨበጭቡ አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። አንብባ ስትጨርስ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ጅረቱን ማን አሻገረሽ?» አላት። ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ፣ እርሱን እያየች፣ ረጅም መልስ መለሰችለት።

የሥነ ጽሑፍ ክፍል አባላት ለሚመጣው ልደት የሕፃናት ግጥም እንድጽፍ ጠይቀውኛል። አልጽፍም ብያለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።