ባሕር ዛፍ ደን አይደለም

ከአራዳ ጊዮርጊስ ደጃፍ ቆሞ ሽቅብ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው እንጦጦን አረንጓዴ ካባ ለብሶ ያየዋል። «ደናችን» ይለዋል የከተማው ሰው፤ «ደናችን» ይሉታል ሹማምንቱም። ለመሆኑ፣ ውድ አንባቢዎቼ፣ ያ የምናየው ነገር ደን ነውን? የዚህ ጸሐፊ መልስ አጭር ነው፤ አይደለም።

ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በአካባቢው የተረፈው ጥድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ የበቃው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር። እንጨት በመጥፋቱ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ እስከማሰብ ደረሱ። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ባይደርስላት ኖሮ አራዳም ፒያሳም ዛሬ የምናውቃቸው ባልሆኑ ነበር። የጭቃ ቤቶቻችን ቋሚና ማገር፣ የእናቶቻችን ምድጃ፣ የአናጢው አጣና ሁሉ ምስክር ነው። ይህን ውለታ መካድ ነውር ነው።

ነገር ግን ባለውለታችን ሰብል እንጂ ደን አይደለም። ይተክሉታል፣ ይቆርጡታል፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ደግመው ይቆርጡታል። የቀደሙት ሰዎችም ይህን አላጡትም፤ በ1905 ዓ.ም. አካባቢ ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ የሐር ትል ቅጠሉን በሚበላው ዛፍ እንዲተካ ታዝዞ ነበር። ትእዛዙ ግን ከወረቀት አላለፈም።

የዛፉ አገር አውስትራሊያ የደረሰውን ልብ በሉ። በዚያ ኮዋላ የሚባል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል በልቶ የሚኖር እንስሳ አለ። በቪክቶሪያና በካንጋሩ ደሴት ባለሀብቶች የተከሉት እንጦጦን የሸፈነውን ያንኑ ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ኮዋላዎቹ ቤት ያገኙ መስሏቸው ገቡበት። የመቁረጫው ጊዜ ሲደርስ መኪናዎቹ መጡ፤ የሞተው ሞተ፣ የቆሰለው ቆሰለ፣ የተረፈው መጠለያ አጣ። እንግዲህ በገዛ አገሩ፣ ቅጠሉን ለሚበላው እንስሳ እንኳ የተክል ባሕር ዛፍ ዘላቂ ቤት ካልሆነ፣ ለእኛ ጉሬዛ ምን ሊሆነው ነው?

የእኛ ጉሬዛ የሚኖርበትን ማየት የሚሻ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወደ መናገሻ ሱባ ይውጣ። ሲተረክ እንደኖረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ደን ነው። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው በየቁመቱ ተደራርቧል፤ ከሥሩ ድኩላ፣ ከላዩ ጉሬዛ አለ። ከዚያ ተመልሶ በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መካከል ይራመድ። ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ አፈሩ ተራቁቷል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ያንን አፈር ይዞ ወደ ቀበና ይወርዳል።

መንግሥታችን ግን በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የደንን ትርጉም ሲያሻሽል ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ ሁለት ሜትር ቁመት፣ 20 በመቶ ጥላ ይበቃል አለ። የአገሪቱ የደን ሽፋንም 15 በመቶ ገደማ ሆነ። መለኪያው ዛፉን «ቁመትህ ስንት ነው?» ይለዋል እንጂ «ዘርህ ምንድን ነው? ማንን ታስጠልላለህ?» አይለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባልን። እልል አልን። ስንቱ ጸደቀ? ስንቱ የአገር በቀል ነበር? ይህን መጠየቅ ጠላትነት ሆኖ የሚቆጠረው ለምንድን ነው?

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ያየን ሰዎች አንድ ነገር ተምረናል። ቤት ፈርሶ ቤት ቢሠራ ሰፈር አይተካም። ዛፍ ተቆርጦ ችግኝ ቢተከልም ደን አይተካም።

«ታዲያ ባሕር ዛፉ ይጨፍጨፍ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም። ጎንበስ ብላ ከእንጦጦ ቁልቁል እንጨት የምትሸከም እናት ጉሮሮ ያለው በዚያው ባሕር ዛፍ ላይ ነው፤ ሌላ እንጀራ ሳይሰጧት እርሱን መንጠቅ ግፍ ነው። የገበሬው ባሕር ዛፍ በየማሳው ዳር ይኑር፤ የአገር በቀሉንም ከመጥረቢያ ይታደጋል። የምለው ይህን ነው፤ በመዝገብ ሰብሉ በሰብልነቱ፣ ደኑ በደንነቱ ለየብቻ ይጻፍ። የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው፣ ከነዝርያው ይቆጠር። ከምንጭ ዳር ባሕር ዛፍ አይተከል። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር የአገር በቀል ዛፎች መጨረሻ መሸሸጊያ ሆነው የቀሩት የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ናቸው፤ ለገቢ ሲባል ቅጥራቸው ውስጥ ባሕር ዛፍ መትከል ይቁም። ካህናቱም ገቢውን የሚተካ መላ ይፈለግላቸው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ግን ተመንጥረንም አልጠረጠርንም፤ ኮረብታው አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ደን አለን ብለን ተኝተናል።

ቸር ይግጠመን!