የነፋስ ስልክ አንቴና፡ ጨረሩና ዕዳው

ነፋስ ስልክ ያለ ሽቦ በአየር የሚሄደውን ስልክ በስሙ የያዘ አካባቢ ነው። ዛሬ እንዲህ ባለ ሠፈር በሕንፃ ጣሪያ ላይ የሞባይል አንቴና ሲተከል የነዋሪው የመጀመሪያ ጥያቄ የጨረር ጉዳይ ነው። ጥያቄው መሠረተ ቢስ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን ለካንሰር መንስኤነት ከሚጠረጠሩት መድቦታል። በአንጻሩ በዓለም ጤና ድርጅት ጠያቂነት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የጥናቶች ግምገማ በሞባይል አጠቃቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። የሞገዱ ኃይል ከአንቴናው በተራቀ ቁጥር በፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ለአቤት ባዩ የሚበጀው ምላሽ በቤቱ ደጃፍ የተወሰደ ልኬት ነው።

የዚያው አንቴና ሌላው ስጋት ግን አቤት ባይ የለውም። መሣሪያው ከውጭ የሚመጣው በዶላር፣ ብዙ ጊዜም በአቅራቢው ብድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከዜድቲኢ ጋር የተደረሰው ስምምነት 1 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2013 ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር የተፈረመውም 1 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር እንደነበር ይታወሳል። የአገልግሎቱ ገቢ የሚሰበሰበው ግን በብር ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሁለት ወር ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። 57 ሚሊዮን ብር ይበቃው የነበረ የ1 ሚሊዮን ዶላር ዕዳም ከ100 ሚሊዮን ብር በላይ የሚጠይቅ ሆኗል። የኬንያው ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 የግማሽ ዓመት ትርፉ መቀነሱን ሲያስታውቅ ምክንያት ያደረገው ይህንኑ የብር የመግዛት አቅም መውረድ ነበር።