ልጃችን ኬጂ አልገባችም፤ ምን ይጠበስ?

ሰሞኑን በኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ያላገኘነው መካሪ የለም። «ልጅቷ አራት ዓመት ሞላት አይደል? የት አስገባችኋት?» ይሉናል። «ቤት ናት፣ እኛው እያስተማርናት ነው» ስንል የሚመጣውን ፊት ባያችሁት! ልጃችንን አውጥተን የሸጥናት ነው የሚመስለው።

በግልጽ እንነጋገር፤ ችስታ ነን። የቤት ኪራዩ የአንዳችንን ደሞዝ ጠርጎ ይወስዳል፣ የሌላችን ለአስቤዛና ለታክሲ ነው። ባለፈው ክረምት እንደማንኛውም ወላጅ ኬጂ ፍለጋ ወጥተን ነበር። አንዱ ግቢ ውስጥ የሦስት ዓመት ተኩል ልጃችንን «ኢንተርቪው» አደረጓት። በእንግሊዝኛ! «ዋት ኢዝ ዩር ኔም?» ስትባል ጠረጴዛ ሥር ገባች። እኛ ደግሞ (ስንጽፈው ያሳፍረናል) መንገድ ላይ ተቆጣናት። ከዚያ የዋጋው ወረቀት መጣ፦ መመዝገቢያ፣ የወር ክፍያ፣ ዩኒፎርም፣ መጽሐፍ፣ ሰርቪስ፣ ከሁሉም ግርጌ ደግሞ «ልዩ ልዩ»። ልዩ ልዩው ምን እንደሆነ የነገረን የለም። ሰፈራችን ያለው የመንግሥቱ ደግሞ «ሞልቷል» ብሎ መለሰን።

ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ብር የሚገዛው ምንድን ነው? የአራት ዓመት ልጅ «ኤ ፎር አፕል» ስትል ደስ የሚለው ማንን ነው? አፕሉን እንደሆነ ፍራፍሬ ቤት በር ላይ ቆማ ነው የምታየው። ደስ የሚለን እኛን ነው! ዘመድ ቤት ወስደን «እስቲ ኤቢሲዲ በዪላቸው» ለማለት። «አማርኛ አይሆንላትም እኮ» እያለ እንደ ሽልማት የሚያወራ ወላጅ ስንት ታውቃላችሁ? አያቷ ተረት ስትነግራት የማይገባት ልጅ አሳድጎ መኩራራት የምን አራድነት ነው? የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እንኳ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው ያለው። አንደኛ ክፍል መግቢያው ደግሞ ሰባት ዓመት ነው። ታዲያ የአራት ዓመቷን ምን አሯሯጣት?

የኛ «ትምህርት ቤት» ንብረት ይቆጠር ከተባለ፦ ከመንገድ ዳር የገዛናት የፊደል ገበታ፣ ጠመኔ፣ ከሰፈሩ ግሮሰሪ በነፃ የለቀምነው አንድ ፌስታል ቆርኪ፣ የአክስቷ ልጅ አንብቦ የጨረሰው የተረት መጽሐፍ። አለቀ።

ፊደሉን መጀመሪያ የያዘችው በዜማ ነበር። ሀ ሁ ሂ ሃ... ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ታወርደዋለች። ጨፈርን! በኋላ «ቡ» ላይ ጣታችንን አስቀምጠን ብንጠይቃት «ሀ» ብላን ቁጭ። የቄስ ትምህርት ቤት ብልሃት ያን ጊዜ ነው የገባን። ሀሁ ካለቀ በኋላ አቡጊዳ ይመጣል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ... ተራው ስለሚፋለስ ልጁ በቃሉ ማነብነቡ አያዋጣውም፣ በዓይኑ መለየት አለበት። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ሁሉን ባንዴ ብናወርድባት ትሸሻለች። እኛ በቀን ሦስት ብቻ፣ በስንደዶ እያመለከትን፣ ከላይም ከታችም እየጠየቅን። ከቄስ ትምህርት ቤቱ የተውነው ኩርኩሙን ነው።

ቁጥሩ ቆርኪ ነው። አስሩን ደርድራ አንድ ስትጨምር «አስራ አንድ» ትላለች፤ ስሙ ራሱ አስርና አንድ መሆኑን ይነግራታል። «ኢለቨን» ምን ይነግራታል? ምንም!

«ጓደኛስ?» የምትሉን ግን፣ እሱ ያመናል። አንድ ጠዋት የጎረቤት ልጆች ሰርቪስ ሲገቡ በመስኮት እያየች «የኔ ቦርሳ የታለ?» አለችን። መልስ አልነበረንም። ከመርካቶ ሳልባጅ ቦርሳ ገዛንላት። ቆርኪዋን አጭቃበት ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን «ትሄዳለች»። ቦርሳ ግን አብሮ አይጫወትም።

ደግሞ ይሄ ለሁሉም ይሆናል አላልንም። አንዳችን የማታ ፈረቃ ስለምንሠራ ጠዋት ቤት የሚውል ሰው አለ። ንጋት 12 ሰዓት ታክሲ የምትሰለፍ፣ ብቻዋን የምታሳድግ እናት ልጇን ማን ጋ ትተወው? በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ምገባ አለ፤ ለእሷ ያ ቦታ የቅንጦት አይደለም፣ «ሞልቷል» ተብላም መመለስ የለባትም። ጠባችን ከእሷ ጋር አይደለም። ጠባችን ተበድሮ «ልዩ ልዩ» እየከፈለ እኛን ፋራ ከሚለን ጋር ነው።

ለጓደኛው ጉዳይ አንድ ነገር ጀምረናል። ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ የብሎካችን ልጆች ግቢው ሲሚንቶ ላይ ፊደል ይጽፋሉ። ባለፈው አምስት መጡ፣ ሁለቱ የኬጂ ተማሪዎች ናቸው። አንደኛው «ጠ»ን አያውቃትም ነበር፤ ካወቃት ወዲህ ደረጃውን ሁሉ በ«ጠ» ሞልቶት የጥበቃው አባባ ተቆጥተውናል። ጠመኔ አለን። ቆርኪ ግን እያለቀብን ነው፣ ስትመጡ ይዛችሁ ኑ።