መስመሩ ከትከሻ ይነሳል

በዲጂታል ሥዕል መስመር የሚንቀጠቀጠው ብዙውን ጊዜ በታብሌቱ ሳይሆን በእጅ አንጓ ምክንያት ነው። አንጓ የሚስለው አጭር ቅስት ብቻ ነው፤ ከጅግጅጋ በስተምዕራብ የተጋደመውን የካራማራን ሸንተረር በአንድ ምት ለማውጣት የሚሞክር ሰው ክንዱን ከክርኑና ከትከሻው ካላንቀሳቀሰ መስመሩ መሃል ላይ ይሰበራል። በከተማዋ ሙሽሮችን በሂና የሚያስጌጡ ሴቶች ይህን ያለ ኮምፒውተር ያውቁታል፤ ትንሿን ጣት አስደግፈው፣ ሂናውን እኩል እየጨመቁ፣ ሐረጉን ሳያቋርጡ ይስቡታል። ወደ ዲጂታል ሥዕል ስንመለስ፣ ስክሪን በሌለው ታብሌት ላይ ዓይን ከፊት፣ እጅ ከጠረጴዛ ስለሚሆን መልመዱ ጊዜ ይወስዳል። የታብሌቱ ስፋትና ቁመት ከስክሪኑ ጋር ካልተመጣጠነ ደግሞ ክቡ ሞላላ ሆኖ ይወጣል፤ ጀማሪው ግን ጥፋቱን በእጁ ላይ ይጥላል። በሥዕል ፕሮግራሞች፣ በነጻ በሚገኘው ክሪታም ሆነ በፕሮክሬት፣ ያለው የመስመር ማለስለሻ ይረዳል፤ ሲበዛ ግን መስመሩ ከብዕሩ ኋላ ይጎተታል፣ ሹል ማዕዘንም ይዶለዱማል። ከዚህ ሁሉ የባሰው አመል የተሳለውን ለመሰረዝ ኮንትሮልና ዜድን ደጋግሞ መጫን ነው፤ አንዱን መስመር ሃያ ጊዜ የሚያጠፋ እጅ ድፍረት አይለምድም። የሂና ባለሙያዋ ይህ ቁልፍ የላትም፤ ቀለሙ አንዴ ቆዳ ከያዘ ለቀናት አይለቅም።