የኬንያ ሸንጎ ትምህርት ቤት ነበረን?

«የቅኝ ገዢዎች ሸንጎ ለአፍሪካ ፓርላማ ትምህርት ቤት ነበረ» የሚሉ ጓደኞች አሉን። የኬንያን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ታሪክ ስናገላብጥ ግን ይህን ለመቀበል እንቸገራለን።

ምክር ቤቱ የተቋቋመው በ1907 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ነው። ሰብሳቢው ራሱ እንግሊዛዊው አገረ ገዢ፣ አብዛኞቹም አባሎች የመንግሥት ሹሞች ነበሩ። ሹም ደግሞ እጁን የሚያወጣው እንደ ታዘዘ ነው እንጂ እንደ ኅሊናው አይደለም። ስለዚህ ክርክሩ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም፣ ድምፅ ከመቈጠሩ በፊት ውጤቱ የታወቀ ነበረ።

በ1920 ነጮቹ ሰፋሪዎች 11 እንደራሴዎች መረጡ። የአገሩ ባለቤትስ? ስለ እርሱ እንዲናገር በ1924 አንድ ነጭ ሚሲዮናዊ ተሾመለት። ሰውየው ደግ ይሁን ክፉ ጉዳያችን አይደለም፤ የሾመው አገረ ገዢው እንጂ የጎጆ ግብር የሚከፍለው ገበሬ አልነበረም። የመጀመሪያው አፍሪካዊ አባል ኤሊዩድ ማቱ የገባው በ1944 ሲሆን፣ እርሱም በሹመት ነው።

በ1957 አፍሪካውያን እንዲመርጡ ሲፈቀድ፣ መራጩ እንደ ትምህርቱና እንደ ሀብቱ መጠን ከአንድ እስከ ሦስት ድምፅ ይሰጥ ነበር። በዚህ ሂሳብ እኛ ተማሪዎች ከአባቶቻችን ይልቅ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሰዎች ነን ማለት ነው! ቶም ምቦያና ኦጊንጋ ኦዲንጋ ከሚገኙባቸው ስምንት ተመራጮች አንዱም የሚኒስትርነት ሥልጣን አልቀበልም አለ፤ ሁሉም በአንድነት ተጨማሪ ወንበር ጠየቁ። በ1958 የአፍሪካውያኑ ተመራጮች ወንበር 14 ደረሰ። ይህን ያስገኘው ትምህርት ቤቱ ነው ወይስ እንቢታው? ጓደኞቻችን ይመልሱልን።